ቤት የሚመዘነው ከውጭ ሲታይ ነው ወይስ ከውስጥ ሲኖሩበት?



በዚህ አገር አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈርማቸው ወረቀቶች ሁሉ ከባዱ የማሽካንታ ውል ነው። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከሠራዊት ተመልሶ፣ አግብቶ እስኪወጣ ድረስ ዕዳው አብሮ ይኖራል። ይህን የሚያህል ውል ግን ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ለማሳያ በተዘጋጀ አንድ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆሙ በኋላ ነው። በማሳያው ቤት ወለሉ ያብረቀርቃል፤ መብራቱ ሁሉ በቀን በርቷል፤ የሳሎኑ መስኮት ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ በእጅ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ዛፍ ተሥሏል። አባትና እናት ይተያያሉ፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል፤ ነገሩ ያልቃል።

ስለ ማሽካንታው፣ ስለ ወለዱና ስለ ዕርዳታው በየስብሰባው ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ ቤቱ ስለ ራሱ ግን እምብዛም አይነገርም። ቤቱ መልካም ነው ወይ? መልካም ከሆነስ ለማን? በዚህ ጽሑፍ የዘመኑን የእስራኤል ቤቶች በሦስት ሚዛን እንመዝናለን፤ በብርሃናቸው፣ በተሠሩበት ዕቃና ከመስኮታቸው በሚታየው ነገር። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ቤቶች ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አምረዋል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚውልባቸው ሰው ግን የሚገባው ያህል አልታሰበለትም።

በምን ዓይን እናያለን?

ሰው ሁሉ አዲስ ቤት የሚመዝነው ቀድሞ በሚያውቀው ቤት ነው። ከጎንደር ገጠር የመጡ ወላጆቻችን የሚያውቁት ቤት ክብ ጎጆ ነው። እንጨቱ ተተክሎ፣ በማገር ተማግሮ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ፣ በሣር ይከደናል። መካከሉ ላይ ምሰሶ፣ በግድግዳው ሥር የጭቃ መደብ፣ ወዲህ ደግሞ ምድጃ አለው። ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው በበሩ ነው። ይህ የሆነው በድህነት ብቻ አልነበረም። ሰው ቀኑን የሚውለው በእርሻው፣ በወናፉ፣ በሽመናው፣ ሴቶቹም በሸክላው ሥራና በወንዙ ዳር ስለነበረ ቤቱ የሌሊትና የዝናብ መጠለያ ነበር።

ይህን የምንለው ጎጆን ለማሞገስ አይደለም። ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ከጎጆ የምንማረው አንድ ነገር ግን አለ። ቤቱና የሰዉ አዋዋል የተስማሙ ነበሩ። እዚህ አገር ነገሩ ተገልብጧል። ሽማግሌው የሚውለው ቤት ውስጥ ነው፤ እናት ከሥራ ስትመለስ የምታርፈው ቤት ውስጥ ነው፤ ሕፃኑ የሚጫወተው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ከደጅ ይገኝ የነበረው ሁሉ፣ ብርሃኑም፣ ነፋሱም፣ የጎረቤት ፊትም፣ አሁን በመስኮት በኩል መግባት አለበት። በመስኮት ካልገባ ሰው በጠራራ ቀን ሌሊት ውስጥ ይኖራል።

የፀሐይዋ ነገር

ጎንደር ላይ ፀሐይ በቀትር ለአናት ትቀርባለች፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜም ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ታልፋለች። ስለዚህ የትኛው ግድግዳ ወደ የት እንደሚያይ ብዙ አያሳስብም ነበር፤ የክዳኑ ታዛ ለሁሉም አቅጣጫ ይበቃል። በእስራኤል ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ናት። ኢየሩሳሌም ላይ በታኅሣሥ ከአድማስ ወደ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ወደ 82 ዲግሪ ትወጣለች።

ከዚህ የሚከተለውን ማንም ሊረዳው ይችላል። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በብርዱ ወራት ፀሐይን እስከ ሳሎኑ መካከል ያስገባል፤ በሙቀቱ ወራት ግን እኩለ ቀን ላይ አንድ ክንድ የምታህል ታዛ ታግዳታለች። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ሌላ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ታዛ አይከለክላትም፤ ከውጭ የሚወርድ ትሪስ ካልሆነ በቀር የሚመክታት የለም። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ክፍል ደግሞ በብርዱ ወራት ፀሐይ የሚባል ነገር ስለማያገኝ ለእርጥበትና ለሻጋታ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ሁለት አፓርታማዎች በዋጋም፣ በስፋትም፣ በፎቅም እኩል ሆነው አንደኛው ሊኖሩበት የሚያስደስት፣ ሌላው የሚያስመርር ሊሆን ይችላል።

ይህን ጠንቅቀው ያወቁ ሠሪዎች በዚህች አገር ነበሩ። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በአውሮፓ ተምረው የመጡ አርክቴክቶች ቴል አቪቭን በነጭ ቤቶች ሞሉዋት። በተማሩበት አገር አዲሱ ቤት ትልቅ መስታወት ይወድ ነበር፤ እዚያ ፀሐይ ብርቅ ናትና። እነርሱ ግን እዚህ ሲደርሱ መስታወቱን አሳነሱት። መስኮቱን ጠባብና ረጅም አደረጉት፤ በላዩም ጥላ የሚጥል በረንዳ ዘረጉ። ዘኤቭ ሬክተር ነድፎት በ1933 በሮትሺልድ ጎዳና የተሠራው የኤንጌል ቤት በአምዶች ላይ የቆመ ነው፤ ነፋስ ከሥሩ ያልፋል። ነጩ ከተማ ተብሎ የሚጠራው ይህ ሠፈር አራት ሺህ ያህል ቤቶች ያሉት ሲሆን በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የተከበረው ነጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ የቤት አሠራር ለዚህ አገር ፀሐይ እንዴት እንደሚታረም ስላሳየ ጭምር ነው። እነዚያ ሰዎችም እንደኛ አዲስ ገቢዎች ነበሩ።

ከዚህ ትምህርት በኋላ የዛሬዎቹን ረጃጅም ሕንፃዎች ስናይ እናዝናለን። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሰው መስታወት፣ ቪትሪና የሚሉት፣ እንደ ክብር ምልክት ተቆጥሯል። በባሕር ዳር ከተሞች ባሕሩ በምዕራብ ስለሆነ መስታወቱም ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ገዢውም ለዚህ እይታ ተጨማሪ ብር ይከፍላል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ላይ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ትሪሱ ሁሉ ወርዷል፤ ማዝጋኑ ያጓራል፤ በውስጥ በኩል መብራት በርቷል። ባሕሩ ተገዝቶ ተዘግቶበታል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ክፍያው ደግሞ በየሁለት ወሩ ይመጣል።

ስለ ነፋስም እንዲሁ ነው። በዚህ አገር የቤት ሻጮች «ስንት ኪቩኔ አቪር አለው?» የሚሉት ነገር አለ፤ ቤቱ በስንት አቅጣጫ አየር ያገኛል ማለት ነው። ከቀድሞዎቹ ሺኩኖች ብዙዎቹ ምንም እንኳ ጠባብና ያልተዋቡ ቢሆኑ ከፊት እስከ ኋላ ያልፋሉ፤ መስኮቱ በሁለት ወገን ሲከፈት ነፋሱ ቤቱን ጠርጎ ይወጣል። በረጅሙ ሕንፃ ግን በአንድ ፎቅ አራትም ስድስትም አፓርታማ በአሳንሰሩ ዙሪያ ስለሚደረደር ለአንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ፊት ብቻ ነው። የመታጠቢያ ቤቱም ብዙ ጊዜ መስኮት የለውም፤ በማራገቢያ ይተነፍሳል። ቡና የሚቆላበትና እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይህን ሊንቀው አይገባም። ክፍት ወጥ ቤት በሥዕል ላይ ያምራል፤ እንፋሎቱና ጭሱ መውጫ ካጣ ግን ከሶፋው ጨርቅ ጋር ይኖራል።

ስለ ብርሃን ስንናገር አንድ ምስጋና አናስቀርም። በጣሪያው ላይ የሚታየው ዱድ ሼሜሽ፣ ማለት ውኃን በፀሐይ የሚያሞቀው በርሜል፣ ከ1980 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ በሕግ የታዘዘ ነው። መልክ የለውም ብለው የሚያፍሩበት አሉ። በእኛ ሚዛን ግን ፀሐይን ሳያባክን ሥራ ላይ ያዋለ ከዚህ የበለጠ ነገር በከተማው ውስጥ አናገኝም። በጣም ረጃጅም በሆኑት ሕንፃዎች ላይ ግን ጣሪያው ለሁሉም ስለማይበቃ ይህም ይቀንሳል።

ድንጋይና ልባጥ

ወደ ዕቃው እንለፍ። ቤተ እስራኤል ለድንጋይ ሥራ እንግዳ አይደለም። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከተማቸው ካደረጉ በኋላ በነበሩት ዘመናት የእኛ ሰዎች በግንበኝነትና በአናጢነት በነገሥታቱ ሕንፃዎች ሥራ እንደተካፈሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በዚያ ግንብ ድንጋዩ ከኖራ ጋር ተያይዞ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል። ድንጋዩን ብታነሡት ግንቡ ይወድቃል።

በኢየሩሳሌም የምናየው ወርቃማ ድንጋይ ታሪኩ ሌላ ነው። በ1918 የእንግሊዝ ወታደራዊ ገዢ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ የከተማዋ መልክ እንዲጠበቅ ብሎ ቤቶች በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ሥርዓቱም በየዘመኑ እየታደሰ እስከ ዛሬ ጸንቷል። በአሮጌው ከተማ ያለው ግድግዳ ከአንድ ክንድ በላይ የወፈረ ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ የውስጡን ሙቀትም በብርድ ቶሎ አይለቅም። በዛሬዎቹ ሕንፃዎች ግን ድንጋዩ በአርማታው ላይ የተለጠፈ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ የሚወፍር ልባጥ ነው። ቤቱን የሚሸከመው ብረትና ሲሚንቶ ነው።

ልባጥ መሆኑን አንነቅፍም። ድንጋዩ ቀለም አይፈልግም፤ በምሽት ብርሃን የድሃውንም የሀብታሙንም ቤት አንድ ዓይነት ያሳምራል፤ ይህ ለከተማ ትልቅ ነገር ነው። የምንነቅፈው በልባጡ መታለልን ነው። የውጩ ድንጋይ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ የሚመስለው ገዢ ብዙ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ በብዙ አዲስ ቤት ጌቬስ ነው፤ ማለት በቀጭን ብረት ላይ የተመታ የጅፕሰም ሰሌዳ። በሚገባ ከተሠራ መጥፎ አይደለም። በቁጠባ ከተሠራ ግን የአንዱ ክፍል ወሬ በሌላው ይሰማል፤ ከባድ መደርደሪያም ሲሰቅሉበት አይችልም። አዝማድ በሚሰበሰብበት፣ ሦስት ትውልድ አብሮ በሚኖርበት ቤት ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የወለሉም ነገር እንዲሁ ነው። በድሮ ሺኩን ያለው በጠጠርና በሲሚንቶ የተሠራው ትንሹ ባላጣ መልኩ የማይማርክ ቢሆንም ውኃ ተደፍቶበት ቢታጠብ አይከፋም። ዛሬ ባለ መስታወት መልክ ትልልቅ ሰሌዳ ይነጠፋል። ብርሃንን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ክፍሉን ሰፊ ያስመስላል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ለሕፃንና ለአሮጊት እግር አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ነቀፋ ውጭ ነው። በ1991 መጀመሪያ ከኢራቅ ሚሳይሎች በተተኮሱ ጊዜ የዚህ አገር ሰው በላስቲክና በፕላስተር በታሸገ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ ከ1992 ጀምሮ በአዲስ ቤት ሁሉ ማማድ እንዲሠራ ታዘዘ። ይህ ክፍል ግድግዳው ወፍራም አርማታ፣ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት፣ ስፋቱም ከ9 ካሬ ሜትር የማያንስ ነው። በ2023 በጀመረው ጦርነትና በሰኔ 2025 ከኢራን በተተኮሱት ሚሳይሎች ጊዜ ብዙ ሰው ነፍሱን ያተረፈበት ነው። በዘመኑ ቤት ውስጥ ሳይዋሽ የሚናገር ዕቃ ቢኖር ይህ ግድግዳ ነው፤ የሚመስለውንም ነው፤ የሚሠራውንም ይሠራል።

ነቀፋችን በአሰጣጡ ላይ ነው። መስኮቱ ትንሽ፣ መዝጊያው ከባድ ስለሆነ ማማድ ከክፍሎቹ ሁሉ ጨለማው ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤት ግን ይህ ክፍል የሚሰጠው ለአያት ነው፤ ቅርብ ነው፣ በማስጠንቀቂያ ጊዜ መሮጥ አያሻም ተብሎ። አሳቡ የፍቅር ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ሰው ብርሃን ባነሰው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት የሚውለው ልጅ ብርሃን በበዛው ክፍል ይሆናሉ። ጥሩ አርክቴክት ማማዱን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል። ያ ካልሆነ ቤተሰቡ ራሱ አያትን በቀን ከመስኮት ዳር ሊያስቀምጣቸው ይገባል።

ከመስኮቱ ማን ይታያል?

በቤት ሽያጭ ቋንቋ «እይታ» ማለት ባሕር፣ ተራራ ወይም የከተማ መብራት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ይከፍላል። በእኛ ልማድ ግን እይታ ሁለት ትርጉም ነበረው።

የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ከጎጆው በር ላይ የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን በር ያያል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንግዳ እንደመጣለት፣ የማን ልጅ እንደወደቀ ያውቃል። ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን በባውሃውስ ትምህርት ቤት የተማረው አሪየ ሻሮን በ1930ዎቹ በቴል አቪቭ ለሠራተኞች የኅብረት ቤቶች ሲሠራ ቤቶቹን በአንድ የጋራ ግቢ ዙሪያ አደረጋቸው። ልጆች በግቢው ይጫወታሉ፤ እናቶች ከመስኮት ያዩዋቸዋል። ይኸው ሰው ከ1948 በኋላ የመንግሥት የፕላን መሥሪያ ቤት መሪ ሆኖ ብዙ አዲስ ገቢዎች የሠፈሩባቸውን አዳዲስ ከተሞች ዕቅድ አወጣ። በእነዚያ ከተሞች የተሠሩት ሺኩኖች የቴል አቪቭን ውበት አላገኙም፤ በመካከላቸውም የቀረው ቦታ ብዙ ጊዜ ያለ ዛፍ ቆይቷል። ሆኖም ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል የሚጣራ ሰው ድምፁ ይሰማል።

ዛሬ በብዙ ከተሞች ፒኑይ ቢኑይ በሚባለው ዕቅድ ሺኩኖች እየፈረሱ በምትካቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ይቆማሉ። በሬሆቦት፣ በነታንያ፣ በኪርያት ማላኪም እንደነዚህ ባሉ ሺኩኖች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን አሉ። የሚሰጣቸው አዲስ ቤት ማማድ አለው፤ አሳንሰር አለው፤ በረንዳ አለው፤ ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከአሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ጉንዳን ነው። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የሚያውቁት ፊት ግን የለበትም። በሺኩኑ ደጃፍ ወንበር አውጥተው ይውሉ የነበሩ ሽማግሌ ለእይታ የከበረውን መስኮት ተቀብለው የሚያዩት ያጣሉ። ይህን ኪሣራ በውሉ ላይ የሚጽፈው የለም።

ሁለተኛው ትርጉም አቅጣጫ ነው። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ በሰገነቱ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያዩ መስኮቶች እንደነበሩት በመጽሐፉ ተጽፏል። አባቶቻችንም በሲግድ ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞሩ ነበር። ከተማዪቱ አትታይም፤ አቅጣጫው ግን ይታወቃል። ዛሬ የሲግድ በዓል፣ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ የእግር መንገድ ላይ ይከበራል። ይህን መንገድ ሎውረንስ ሃልፕሪንና ሽሎሞ አሮንሰን በ1980ዎቹ በኢየሩሳሌም ድንጋይ ሠሩት። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ፊት ለፊት አሮጌው ከተማ። በከተማዋ ካሉት እይታዎች ሁሉ ከሚበልጡት አንዱ ለማንም አልተሸጠም፤ ቄሱም፣ ሕፃኑም፣ መንገደኛውም እኩል ያዩታል። የብርሃን፣ የድንጋይና የእይታ መስማማት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

«ይህ ሁሉ ለምን?» ለሚሉ

ከካራቫን ወጥቶ፣ በመርከዝ ክሊታ በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ ለኖረ ቤተሰብ ጣሪያና ማማድ ከተገኘ ሌላው ትርፍ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። አሳባቸውን እናከብራለን፤ የገንዘብ አቅምም ምርጫን እንደሚያጠብ እናውቃለን። ነገር ግን የመስኮት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማወቅን ብቻ ይጠይቃል። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ዋጋ፣ ከሁለቱ አፓርታማ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያውቅ ገዢ ምንም ሳይጨምር የተሻለ ቤት ያገኛል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ግን የሚተርፈው ለሻጩ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ምክር እንስጥ። ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ። መብራቱ ሁሉ እንዲጠፋ ጠይቁ። ሕንፃው ገና ያልተሠራ ከሆነ በፕላኑ ላይ ሰሜን የት እንደሆነ የምታሳየውን ቀስት ፈልጉ፤ ፊት ለፊቱም ነገ ሌላ ሕንፃ ይቆም እንደሆነ በከተማው የፕላን ክፍል ጠይቁ። ግድግዳውን በጣት አንኳኩት። በ1973 በወጣው የአፓርታማ ሽያጭ ሕግ መሠረት አዲስ ቤት የሚሸጥ ካብላን የቤቱን ዕቃ የሚዘረዝር ሚፍራት ከውሉ ጋር ማያያዝ አለበት፤ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ወይም ጠበቃ ቃል በቃል ያንብብላችሁ። በረንዳው ላይ ስትቆሙ ቀና በሉ፤ በላዩ ሌላ በረንዳ ካለ ለዳስ በዓል ሱካ አይሆንም። በመጨረሻም አያትን ይዛችሁ ሂዱ። ከመስኮቱ ዳር ወንበር አስቀምጡላቸውና የሚያዩትን ይንገሯችሁ።

የዚህ አገር ቤት ሠሪዎች ድንጋይ፣ መስታወትና ብረት አላነሳቸውም። በ1930ዎቹ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ባነሰ ዕቃ የበለጠ አስበው ሠርተዋል። ከእነርሱ የምንጠይቀው ያንን ማሰብ ነው። ከራሳችን ደግሞ የምንጠይቀው ወለሉ ሲያብረቀርቅ ቶሎ አለመፈረም ነው።

ለቤት ፈላጊው ሁሉ ብርሃን የሚገባበት፣ ጎረቤት የሚታይበት ቤት ይስጥልን።